ነርቭን የሚሸፍኑት የሽዋን ህዋሳት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሽዋን ህዋስ ሥራው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ የነርቭ ክሮችን ማየሊን በሚባል ስብ የበዛበት ልባስ ይሸፍናል። በኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይመሰላል፤ ይሁንና ሽፋኑ ወጥ አይደለም። አንዱ ህዋስ በክሩ ዙሪያ ደጋግሞ ተጠቅልሎ ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ቀጥሎ ጠባብ ክፍተት፣ ከዚያ ሌላ ህዋስ። መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ስለሚዘል በወፍራም ክር ላይ በሴኮንድ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ሽፋን በሌለው ቀጭን ክር ግን ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ጥያቄ፦ ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) የሚባለው በሽታ የሚያጠቃው እነዚህን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እሱ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ማየሊን በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ የሥጋ ደዌ ለምን ነርቭ ይጎዳል?

መልስ፦ ባክቴሪያው የሽዋን ህዋስ ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ምልክቱ ዓመታት የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚስማማው ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ነርቮች ላይ ይበረታል። ክርንዎን አጠፍ አድርገው ከውስጠኛው አጥንት ጀርባ ያለውን ቦይ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይዳብሱ፤ እንደ ገመድ የሚንከባለለው ነርቩ ነው። ከሌላው እጅ ጋር ያስተያዩት። አንዱ ወፍሮ ከተገኘ፣ ሲነካ ካመመ ወይም ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ የሥጋ ደዌ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ እጄ እየደከመ ነው። ላቋርጠው?

መልስ፦ እባክዎን አያቋርጡ! ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳሉ። ድካሙ ብዙውን ጊዜ ሪአክሽን ነው፤ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲዋጋ ነርቩ አብጦ ጠባብ ቦታው ውስጥ ይታፈናል። ሐኪም ፕሬድኒሶሎን ያዝዛል፤ መጠኑም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ድካሙ 6 ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ላሉ አለርት ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የቆየ ነው።

ጥያቄ፦ በቢላ የተቆረጠ ነርቭ መልሶ ያድጋል?

መልስ፦ ያድጋል፤ ሁለቱ ጫፎች ግን በቀዶ ሕክምና መገናኘት አለባቸው። ከተቆረጠው በታች ያሉት የሽዋን ህዋሳት አሮጌውን ማየሊን ጠርገው በረድፍ በመሰለፍ ለአዲሱ ክር መንገድ ያበጃሉ። ክሩ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለው 18 ሴንቲ ሜትር 6 ወር ገደማ ይወስዳል። ህዋሳቱ ክር አጥተው ብዙ ወራት ከቆዩ ግን ይዳከማሉ፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ስፌቱ በቀናት ውስጥ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው።