ስለ ዱር እንስሳት ሕግ ለጠየቃችሁኝ

የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ በየጊዜው ይታደስ ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ለአራቱ ልመልስ።

ጭላዳ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ታዲያ ለምን «ሊጠፋ የተቃረበ» አይባልም?

ብርቅዬ መሆንና ሊጠፋ መቃረብ ይለያያሉ። ጭላዳ ቁጥሩ ገና ደህና ነው።

አንድ አንባቢ ደግሞ በሕገወጥ አደን የተያዘ ሰው ቅጣቱ ያስፈራዋል ወይ ብሏል።

የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣ ያስቀመጠው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ነው። ያኔ 30,000 ብር ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ 300 ዶላር አይሞላም። ብሩ ዋጋ ሲያጣ መቀጮውም አብሮ ቀለጠ። ስለዚህ የብሩ መጠን በየጥቂት ዓመቱ ይከለስ ነው የምለው። የተከሰሰ ዘመድ ያላችሁ ግን ጠበቃ አማክሩ።

ከባሌ በኩል የጻፉልኝ ከብት አርቢ ተቆጥተዋል፦ «ቀይ ቀበሮ ገድዬ አላውቅም፤ ውሻህን አስከትብ እያሉ ለምን ያስቸግሩኛል?»

አባቴ፣ ልክ ነዎት፣ እርስዎ አልገደሉም። ችግሩ ግን ቀበሮውን የሚጨርሰው ጥይት ብቻ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ወብ ሸለቆ ገብቶ በአካባቢው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ተደምረው እንኳ ከ500 አይበልጡም። ለዚህ እልቂት የሚከሰስ ሰው የለም። ውሻውም አላጠፋም፤ በግ ሊጠብቅ ወጥቶ፣ አይጥ ፍለጋ ሣሩ ውስጥ ከሚዞር ቀበሮ ጋር ይገናኛል፣ ይናከሳሉ፣ አለቀ። ባለሙያዎቹ ለቀበሮዎቹ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ይጥሉላቸዋል፤ ሲነክሱት ከረጢቷ ትፈርጥና መድኃኒቱ አፋቸው ውስጥ ይፈስሳል። ይህ ሁሉ ልፋት ግን ውሾቹ ካልተከተቡ ማለቂያ የለውም። እኔ ሕጉ ሲታደስ ማየት የምፈልገው ይህንን ነው፦ በፓርክ ዙሪያ ላለ ውሻ ነፃ ክትባት፣ በጀቱም በሕግ የተያዘ። ወጪው እርስዎ ላይ መውደቅ የለበትም።

ደግሞ ውሻም ሆነ ቀበሮ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነገ አይባልም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው፦ «የአቦ ሸማኔ ግልገል ልሽጥልህ ተብዬ ነበር፤ ለልጆቼ ብገዛስ?»

አይሆንም። ወንጀል ነው። ግልገሎቹን ከእናታቸው የሚነጥቋቸው ገዢ ስላለ ነው። የሻጩን ስልክ ይዘህ ዛሬውኑ ለፖሊስ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ንገር።