በ14 ቀን 11 ከተማ? አየርላንድና ስኮትላንድ ለሁለት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በመጪው ሰኔ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 25 ዓመት ይሞላናል። ልጃችን ደብሊን ነርስ ናት። «ድግሱን ተዉትና እኔ ጋ ኑ፤ ከዚያ ሁለታችሁ አየርላንድንና ስኮትላንድን ዞራችሁ ታያላችሁ፤ ግማሹን ወጪ እኔ እችላለሁ» ብላናለች። ባለቤቴ በ14 ቀን የምናያቸውን 11 ከተሞች ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። መኪና ተከራይቼ ራሴ እነዳለሁም ይላል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ብርድም አልችልም። ጎረቤቴ ደግሞ «ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ድንጋይና ሣር ለማየት?» ብለው ልቤን ከፈሉት። ቪዛው አንድ ነው ሁለት? የቱን እንይ፣ የቱን እንተው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለ25ኛ ዓመታችሁ በሰላም አደረሳችሁ። ሂዱ። ግን 11 ከተማ አይደለም፣ አራት ቦታ። እኔና ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ካራ ያለውን ቤታችንን ለወንድሜ አደራ ሰጥተን ይህንኑ መንገድ ሄደንበታል። የምነግርዎት ያየሁትን ነው።

ከቪዛው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አየርላንድ ራሱን የቻለ አገር ነው፣ ስኮትላንድ ደግሞ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ነው። ስለዚህ በእኛ ፓስፖርት ሁለት ቪዛ ያስፈልጋል። የሸንገን ቪዛ ቢኖራችሁ እንኳ ለሁለቱም አይሠራም። ቤልፋስት ያለችበት ሰሜን አየርላንድም የዩናይትድ ኪንግደም ነው። ከደብሊን ቤልፋስት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ በባቡር ስትሄዱ ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፣ አገር መለወጣችሁ የሚታወቃችሁ ገንዘቡ ከዩሮ ወደ ፓውንድ ሲዞር ነው። ኬላ የለም ማለት ግን ያለ ቪዛ ይገባል ማለት አይደለም። ደግሞ የአየርላንዱ ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ፣ አንዴ ቤልፋስት ከገባችሁ ደብሊን መመለስ አትችሉም። እኛን ጉድ የሠራን ይኼ ነው። ትኬት የቆረጠልን ቢሮ አልነገረንም። ለጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው አወቅንና የመመለሻ ትኬታችንን ከደብሊን ወደ ለንደን አዛውረን ቅጣት ከፈልን። እናንተ ወይ የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ጠይቁ፣ ወይ ጉዞውን ደብሊን ጀምራችሁ ስኮትላንድ ጨርሱና በለንደን በኩል ተመለሱ፤ አየር መንገዳችን ከሂትሮው በቀጥታ ይበራል።

ማመልከቻው ላይ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ አያይዙ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ እስቴትመንት፣ የቤታችሁ ሰነድ፣ የልጃችሁ የግብዣ ደብዳቤ ከመኖሪያ ፈቃዷና ከደመወዝ ማስረጃዋ ጋር ይግባ። ለቪዛ ብላችሁ አካውንት ላይ ድንገት ብዙ ብር አታስገቡ። ከየት መጣ ይባላል። ሁለቱም ቪዛ እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትክፈሉ።

አሁን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ልምጣ። 11 ከተማ በ14 ቀን ማለት ሻንጣ ማሰርና መፍታት ነው። ደብሊን አራት ሌሊት፣ ጎልዌይ ሁለት፣ ቤልፋስት ሁለት፣ ቀሪውን ስኮትላንድ እደሩ። ይበቃል።

ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የኬልስ መጽሐፍ የሚባል በ800 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ አራቱ ወንጌል አለ። ብራና ነው፣ የጥጃ ቆዳ። ሐረጉን ሲያዩት የእኛ ጸሐፊዎች ትዝ ይሉዎታል። ከዚያ በእግር ብዙም ሳይርቅ፣ ደብሊን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ ቼስተር ቢቲ የሚባል ሙዚየም አለ። መግቢያው ነጻ ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎችም በስብስቡ ውስጥ አሉ፤ ሁልጊዜ ለእይታ ስለማይወጡ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ባለቤትዎን ሊፊ ወንዝ ዳር ይውሰዷቸው። የረሃቡ ሐውልት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ መታባቸውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አገር ጥሎ ተሰደደ። ከነሐስ የተሠሩ ከሲታ ሰዎች ወደ መርከብ ይራመዳሉ። አንዱ ሰውዬ ልጅ ትከሻው ላይ ተሸክሟል፣ የልጁ እጅና እግር ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው የከሳ ውሻ ይከተላል። ባለቤቴ የወሎ ልጅ ነው፣ የሰባ ሰባቱን ረሃብ በልጅነቱ አይቷል። ኮፍያውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ቆመ። አንድም ቃል አልተናገረም። ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ ዓለምን ያስተባበረው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው፤ ሐውልቱ ፊት ስቆም ይህ እንዲሁ የሆነ አልመሰለኝም።

ጎልዌይ ላይ የክላዳ ቀለበትን ጠይቁ። ሁለት እጆች ልብ ይዘው፣ ልቡ ላይ ዘውድ ያለበት ነው። ለ25ኛ ዓመት ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ከጎልዌይ በቱሪስት አውቶቡስ ለአንድ ቀን ወደ ሞኸር ገደል ትሄዳላችሁ፤ ከፍታው እስከ 214 ሜትር ይደርሳል፣ ሥሩ አትላንቲክ ነው። ነፋሱ ጋቢ ይነጥቃል። ዣንጥላ እዚያ አይረባም፣ ዝናብ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት ግዙ።

ከቤልፋስት ደግሞ ጃያንትስ ኮዝዌይን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ወደ 40,000 የሚሆኑ የድንጋይ ምሰሶዎች ባሕር ዳር ተደርድረዋል፣ አብዛኞቹ ስድስት ማዕዘን ናቸው። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ ነው እንዲህ የሆነው። ጎንበስ ብዬ ስነካው አወቅሁት። ከሰፈራችን ካባ የሚወጣው፣ የቤታችን መሠረት የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ዘመድ ነው። ጎረቤትዎ ድንጋይ ማለታቸው ልክ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። ቁልቁለቱ ጉልበት ላለበት ሰው ያስቸግራል፣ እያስከፈለ የሚያመላልስ አውቶቡስ ስላለ አይጨነቁ።

ከቤልፋስት በመርከብ ሁለት ሰዓት ከምናምን ተጉዛችሁ ስኮትላንድ ትገባላችሁ። ኤድንብራ ላይ ቤተ መንግሥቱን ሁሉም ሰው ያያል። እናንተ ግን ፕሪንስስ ጎዳና ጫፍ ያለው ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንም ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ «የእናንተ ነው» ብሎ መለሰው፣ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለችው። እኔ እዚያ ገብቼ አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም። ጊዜ ከተረፋችሁ በባቡር ላርበርት ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው፣ ኋላም መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ የወሰደው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የተቀበረው እዚያ ነው። ሐውልቱ ከብረት የተሠራ ነው።

ወደ ሰሜኑ ደጋ ወጥታችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። የሎክ ኔስ ሐይቅ 37 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ጥልቀቱ 230 ሜትር ገደማ ነው። ቤን ኔቪስ የዩናይትድ ኪንግደም ትልቁ ተራራ ነው፣ 1,345 ሜትር። ቱሉ ዲምቱ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ከፍታው አያስፈራችሁም፣ የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። በሰኔ ቀኑ ከ17 እና 18 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ፀሐይዋ ግን ምሽት አራት ሰዓት ገደማ ነው የምትጠልቀው፣ ስለዚህ ሳትቻኮሉ ታያላችሁ። ደጋው ላይ ትንኝ ስላለ የሚቀባ መከላከያ ያዙ።

መኪናውን በተመለከተ፣ በሁለቱም አገር የሚነዳው በግራ ነው። ደጋው ላይ መንገዱ ብዙ ቦታ ለአንድ መኪና ብቻ ይበቃል። ከፊት ሌላ ከመጣ ጠርዝ ላይ በተሠራችው ማሳለፊያ ትቆማላችሁ፣ የሚያልፈው ሰው ጣቱን ከመሪው አንስቶ ያመሰግናል። ደስ ይላል፤ ግን ዕድሜ ልኩን በቀኝ የነዳ ሰው ለበዓሉ የሚማረው ነገር አይደለም። ባቡርና አውቶቡስ ይሻላችኋል።

የሰኔ ጾምን ከጾማችሁ ምግብ ቤት ውስጥ «ቪጋን» በሉ፣ የጾም ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ጠዋት የአጃ ገንፎ በውሃ አሠሩ። ሀጊስ የሚሉት ከበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር የሚሠራ ነው፣ ዱለት ለሚወድ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከጥራጥሬ የሚሠራ ሥጋ የሌለበትም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለልጃችሁ ቅቤና ቋንጣ እንዳትይዙ፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኛ አገር ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬና ሽሮ ያዙ፣ ኮረሪማና ኮሰረትም። ቅቤውን እዚያው ግዙ፣ የአየርላንድ ቅቤ ስመ ጥር ነው። እኔ የእህቴ ልጅ ቤት ኮሰረቱን ጨምሬ አንጥሬላታለሁ። ሽታው ወጥ ቤቱን ሲሞላው ልጅቷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ምድጃው አጠገብ መጥታ ቆመች።