አዲሱ አኳሪየም ለምን ይደፈርሳል? ጥያቄና መልስ

ቤቴ ውስጥ ዓሣ ማሳደግ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አኳሪየም በገዛ በሦስተኛው ቀን ይደውልልኛል። «ውሃው ወተት መሰለ፣ ምን ላድርግ?» ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ። ቀላሉን በአጭሩ፣ ከበድ ያለውን ዘርዘር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከገዛሁ አራተኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ወተት የፈሰሰበት መስሏል። ስድስት ጋፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አሉኝ። ሊሞቱብኝ ነው? (ከገርጂ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ ነጩ ድፍርስ ራሱ መርዝ አይደለም። የምታዪው ባክቴሪያ ነው። አዲስ ውሃ ውስጥ የምግብ ፍርፋሪና የዓሣ ኩስ ሲገባ፣ ያንን የሚበሉ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ። ተቀናቃኝ የላቸውማ። በዝተው ሲንሳፈፉ ነጭ ደመና መስለው ይታያሉ። ምግባቸው ሲያልቅ ይቀንሳሉ። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውሃው በራሱ ይጠራል። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ሊያሳስብሽ የሚገባው የማይታየው ነው። ዓሦች አሞኒያ ያወጣሉ፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን የሚያስወግዱት ሌላ ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ዓሦቹ ይችሉታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደነዚያኞቹ አይንሳፈፉም፤ የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው። በቂ እስኪሆኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ውሃሽ በሳምንቱ ጥርት ብሎ፣ አሞኒያው ግን ገና እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ዓሣ የሚሞትበት ያኔ ነው። «እንዲህ ጠርቶ እያለ ምን ነካቸው?» ይላል።

ለአሁኑ ምግብ ቀንሺ፤ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃቸዋል። የአየር ፓምፑን ሌሊትም አታጥፊ፤ ነጩ ደመና ከዓሦቹ ጋር ኦክስጅን ይሻማል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሩብ ያህል ያንሳል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱና ከዘጉ የኦክስጅን እጥረት ጠርጥሪ።

ጥያቄ፦ እኔ ሦስት ጊዜ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ። ጠጠሩንም ፊልተሩንም አውጥቼ በሳሙና አጠብኩ። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይደፈርሳል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እጅህን ሰብስብ! በታጠበ ቁጥር ከዜሮ እየጀመርክ ነው። እኔም በመጀመሪያው አኳሪየሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የሸጠልኝ ሰው «ዛሬውኑ ዓሦቹን ጨምር፣ ከደፈረሰ እጠበው» አለኝ። ታዛዥ ደንበኛ ነበርኩ። በየሦስት ቀኑ አጠብኩ። በአንድ ወር አንድም ዓሣ አልቀረኝም።

በቃ፣ ሳሙና የሚባል ነገር አይቅረበው። የፊልተሩ ስፖንጅ ውሃ ማሳለፍ ካቃተው ብቻ፣ ከአኳሪየሙ በባልዲ በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው የለፋህበትን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ቡናማ ሆኖ ማየት ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ሀብትህ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ 6 ሳምንት መጠበቅ አልችልም። ማፋጠኛ የለውም?

መልስ፦ አለው። እርሾ ተበደሪ። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካለሽ፣ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቆርጦ ይስጥሽ። እርጥቡን በራሱ ውሃ ውስጥ አድርገሽ፣ ቶሎ ወስደሽ ያንቺ ፊልተር ውስጥ ክተቺው። ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። በጠርሙስ የሚሸጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዴ ይሠራሉ፣ አንዳንዴ ገንዘብ መጣል ነው። የጓደኛሽ ዓሣ ታሞ ከሆነ ግን በሽታውም አብሮ ይመጣልና ጠይቂ።

ሊጥ በብርድ ቶሎ እንደማይቦካ ሁሉ እነዚህም ብርድ አይወዱም። ክረምት ላይ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ማሞቂያ (ሂተር) የሌለው አኳሪየም ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ያኔ 6 ሳምንት የተባለው ይረዝማል። ለጋፒም ቢሆን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው የሚስማማው።

ጥያቄ፦ አሞኒያ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በመመርመሪያ ጠብታ፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ትንሽ ውሃ ላይ ጠብ ተደርጎ በቀለሙ የሚለይ ነው። ውድ ነው፣ ግን ከዓሣው በፊት እሱን ግዛ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው። አሞኒያው 0.5 ሚሊግራም በሊትር ከደረሰ ከውሃው ሩብ እስከ ግማሽ ቀይር። ሙሉውን አይደለም። መመርመሪያው ካላገኘህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለትና ሦስት ቀኑ ሩቡን ቀይር።

ጥያቄ፦ የእኔ ገና ውሃ ስጨምር ነው ግራጫ የሆነው።

መልስ፦ የጠጠር አቧራ ነው። ጠጠሩን በባልዲ ውስጥ እንደ ምስር እያሸህ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠበው። ስትሞላም ሳህን አስቀምጠህ በሳህኑ ላይ አፍስስ።

ጥያቄ፦ የኛ አረንጓዴ ነው፤ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው ያስቀመጥነው።

መልስ፦ መልሱን ራስህ ተናገርከው። አልጌ ነው፣ ፀሐይ ይወዳል። ከመስኮቱ አንሣው። መብራቱን በቀን በጠቅላላው ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ አብራ። በጣም ከባሰ መብራቱን አጥፍተህ በወፍራም ጨርቅ ለ3 ወይም 4 ቀን ሸፍነው፤ የአየር ፓምፑ ግን ይሥራ። ሲገለጥ ሩቡን ውሃ ቀይር፤ የሞተው አልጌ ራሱ ይበሰብሳልና።

ጥያቄ፦ እንጨት ከጨመርኩ በኋላ ሻይ መሰለ።

መልስ፦ ከእንጨቱ የሚወጣ ቀለም ነው። ጉዳት የለውም። ካስጠላህ እንጨቱን ቀቅለህ መልሰው። እኔ እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ በክረምት የቧንቧው ውሃ ራሱ ደፍርሶ ይመጣል። እናቴ «በሽፈራው ፍሬ አጥሪው» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ውሃ አጋር ጨምሪ ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትስሚ፤ እናትሽን ግን በአክብሮት። የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ጭቃውን ሰብስቦ እንደሚያዘቅጥ እውነት ነው። ግን ከፍሬው የሚሟሟው ነገር ውሃው ውስጥ ይቀራል። ይህ ለባክቴሪያዎች ድግስ ነው፤ ጭቃው ወርዶ ነጩ ደመና ይመጣል። ውሃ አጋር ደግሞ ክሎሪን ነው። ለመጠጥ ውሃ ጥሩ፣ ለዓሣ መርዝ። በረኪናም ያው ነው።

የቧንቧው ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ዝገት አስወግጂ። ቀጥሎ ያለውን በባልዲ ቅጂና አንድ ሁለት ቀን ይዝቀጥ። ላይ ላዩን ብቻ ጨልፈሽ ተጠቀሚ። የቀረውን ፊልተሩ ውስጥ የምትጨምሪው ጥጥ ይይዘዋል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ካደረ ክሎሪኑም ይተናል። ከሮቶ የሚቀዳም ቢሆን አሳድሪው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ዋሽንግተን ዲሲ ነው። እንደ አገር ቤቱ ውሃውን አሳድሬ ነው የምጨምረው። ባሳድርም ዓሦቼ ይጨነቃሉ።

መልስ፦ የዲሲ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት ስለሆነ እንደ ክሎሪን አድሮ አይተንም። ማስወገጃ ፈሳሽ ያስፈልግሃል። ግን ክሎሪኑን ብቻ የሚያጠፋ ከሆነ አሞኒያው ተፈትቶ ይቀራል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ክሎራሚንንም አሞኒያንም እንደሚይዝ የተጻፈበትን ፈልግ።

ጥያቄ፦ መብራት ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመጣ ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተም።

መልስ፦ ፊልተሩ ሲቆም ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጣሉ። መሞት ይጀምራሉ። መብራት ሲመጣ ያ የታፈነ ቆሻሻ በአንዴ አኳሪየሙ ውስጥ ይረጫል። መብራት ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ስፖንጁን አውጥተህ ከዓሦቹ ጋር ውሃው ውስጥ ተወው። በጆግ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ፤ አየር ይገባል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኘህ ግሩም ነው። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጥ። ሲመጣም ፊልተሩን ከማብራትህ በፊት ውስጡ የቆየውን ውሃ ድፋው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ዓሦቹን እንደ ዶሮ ነው የሚቀልባቸው። ባየኋቸው ቁጥር ምግብ ተንሳፍፏል። እንዴት ልከልክለው?

መልስ፦ እማማ፣ አይከልክሉት፤ ሥራ ይስጡት። የዕለቱን ምግብ እርስዎ በማንኪያ ጫፍ ለክተው በትንሽ ብልቃጥ ያስቀምጡለት። ዋናውን የምግብ ዕቃ ይደብቁት። ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይሁን። የተረፈውን በማጥለያ ያውጡት። ድፍርሱ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ዓሣ ደግሞ ቢጾም ምንም አይሆንም፤ ለጤነኛ ትልቅ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ከቢሾፍቱ ሐይቅ ትንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ይዤ መጥቼ 60 ሊትር ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ውሃው አልጠራ አለኝ።

መልስ፦ አይጠራልህምም። ቆሮሶ አድጎ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይበላል፣ ያኮሳል፣ ጠጠሩን በአፉ ይቆፍራል። የትኛውም ትንሽ ፊልተር አይችለውም። ከሌሎች ዓሦች ጋር ከከረመ ደግሞ ወደ ሐይቁ መልሰህ አትጨምረው፤ ከአኳሪየም የያዘውን በሽታ ይዞ ይሄዳል። ገንዳ ያለው ሰው ፈልግና ስጠው። ከዚያ ስፖንጁን ሳትነካ ሩቡን ውሃ ቀይረህ ሁለት ሳምንት ጠብቅ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ሁለት ሦስት ጋፒ ጨምር። ሌላውን ከሳምንት በኋላ።