ስለ ቀጋ የተጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ቀጋን ከአጋም በምን እለየዋለሁ? ሁለቱም እሾሃም ናቸው።

መልስ፦ ከቅጠሉ ጀምር። ቀጋ፣ ማለትም የዱር ጽጌረዳው፣ በአንድ ዘንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 7 ትንንሽ ቅጠሎች አሉት፤ ሦስት ጥንድ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ጫፍ ላይ፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። የአጋም ቅጠል ነጠላ ነው፣ ጠርዙም ለስላሳ፤ ስትቀነጥሰው ነጭ ወተት ያወጣል። አሁንም ካልተለየህ እሾሁን በአውራ ጣትህ ወደ ጎን ግፋው። የቀጋ እሾህ የቅርፊቱ ብቻ ስለሆነ ከነመሠረቱ ተነስቶ ጠባሳ ይተዋል። የአጋሙ ከእንጨቱ ስለሚወጣ እንዲህ በቀላሉ አይላቀቅም።

ጥያቄ፦ አበባው ነጭ ነው ወይስ ቢጫ?

መልስ፦ ነጭም ፈዛዛ ቢጫም ይሆናል። 5 የአበባ ቅጠል አለው፤ መካከሉ ላይ ብዙ ቢጫ ወንዴ ዘንጎች ይታያሉ፤ ሽታው ደስ ይላል። በአንድ ዘለላ እስከ 20 አበባ ሊይዝ ይችላል። ድርብርብ የአበባ ቅጠል ያለው ካየሽ ግን የጓሮ ጽጌረዳ ነው። ዘመዱ ቢሆንም ቀጋ አይደለም።

ጥያቄ (ከሸዋሮቢት)፦ እኛ ጋ ይበቅላል?

መልስ፦ አይመከርም። ቀጋ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ያለው ከፍታ ይስማማዋል። ሸዋሮቢት ለሱ ቆላ ነች። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ ከሄዱ በደን ዳር፣ በገደላማ ቦታ፣ በወንዝ ዳርና በማሳ ድንበር ያገኙታል። ብርሃን ይወዳል። ጥላው በበዛበት ደን ውስጥ ሌላ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ይወጣል እንጂ ብዙ አያብብም። ወደ መንዝ ጓሳ ከፍታ ሲጠጉ ደግሞ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይበዛል።

ጥያቄ፦ ፍሬውን ልጆች ይበላሉ፤ ለምን ጉሮሮ ያሳክካል?

መልስ፦ የሚበላው ቀይ ሥጋው ብቻ ነው። ውስጡ ያሉት ጠንካራ ፍሬዎች በጠጉር የተከበቡ ናቸው፤ የሚያሳክከው ጠጉሩ ነው። ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን በማንኪያ ፋቁትና እጠቡት። ለመብላት በደንብ ቀልቶ እስኪለሰልስ ጠብቁ።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ ለአጥር መትከል ፈልጌ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰካሁ፤ ሁሉም ደረቀ። ምን ሆነ?

መልስ፦ ምናልባት ያረጀ እንጨት ወይም ገና ውኃ የሞላው ለጋ ቆርጠህ ይሆናል። መካከለኛውን ምረጥ፦ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ዘንድሮ አድጎ መጠንከር የጀመረ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር አድርገህ ከአንጓ በታች ቁረጠው። የታችኛውን ቅጠል አራግፍና ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበረው። አናቱንና ሥሩን እንዳታገላብጥ፤ የላዩን በአግድም፣ የታቹን በሰያፍ ብትቆርጥ አይሳሳትብህም። ክረምቱ እንደገባ ትከል። መስከረም ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ውርጭ ይደርስበታል።

በተክሎቹ መካከል ያለው ርቀት 50 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ሁለት መስመር አድርገህ አንዱን በሌላው ክፍተት ትይዩ አስቀምጥ። ቁመቱ ወገብህ ሲደርስ አናቱን ቁረጠው፤ ያለዚያ ላዩ ብቻ ይንሰራፋና ከሥሩ ፍየል ያሾልካል። እስኪጠነክር ድረስ ከብት አታስጠጋበት፤ ለጋውን ቅጠል እሾሁ ከከብት አያስጥለውም።

ጥያቄ፦ በዘርስ?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን ይዘገያል፤ አበቃቀሉም ወጥ አይደለም። ጠጉሩን በአሸዋ አሽተህ እጠብ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ጣል፣ የሰመጠውን ዝራ። ለአጥር ግን ቁርጥራጩ ይሻላል።