ላስቲኩን ከላይ ወጥሪው እንጂ አትጠቅልዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሐረር ነሽ፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ የጓሮ ቲማቲምሽ ቅጠል መጥቆር ጀምሯል፣ «በላስቲክ ልጠቅልለው ወይ?» ብለሻል። አቦ እንዳታደርጊው! እኔም እዚሁ ሐረር ነው የምተክለው። የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ላስቲኩ ከላይ ብቻ ይሁን። ቲማቲምን በክረምት የሚጨርሰው ቅጠሉ ረጥቦ መዋል ማደሩ ነው። ጠቅልለሽ ከያዝሽው እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ዝናብ ባይነካው እንኳ ከውስጥ ይረጥባል። እኔ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክዬ፣ ባንድ በኩል ዝቅ አድርጌ፣ ነጩን ላስቲክ እንደ ጣሪያ ወጠርኩት። ጎኑ ሁሉ ክፍት ነው፣ ንፋስ እንደልቡ ይገባል። ላስቲኩ የተክሉን ጫፍ አይንካ። የሚወርደውን ውሃ ደግሞ በቦይ ከመደቡ አርቂው፣ አለዚያ ሥሩ ውሃ ተኝቶበት ይበሰብሳል።

2. ሥሩ ላይ ጉዝጓዝ አድርጊ፣ ደረቅ ሣር ወይም የማሽላ አገዳ ይበቃል። ጠብታው አፈር እያፈናጠረ ታችኛውን ቅጠል እንዳይበክል ነው። መሬት የነኩትን ቅጠሎች ቁረጪ፣ ግን ተክሉ እርጥብ ሳለ እጅሽን አታስገቢበት። በሽታውን ካንዱ ወዳንዱ የምታዞሪው አንቺ ትሆኛለሽ።

3. መድኃኒት። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሽኝ፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቅጠሉ ሲጠቁርብኝ ቆርጬ በፌስታል ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ፌስታሉን እንኳ አልከፈተም። «የጓሮ ቲማቲም እኛን አይመለከትም፣ ገዝተሽ ብዪ» አለኝ። በዕድሜ እናቱ እሆናለሁ! ሰው አትክልቱ ሲሞትበት ምን እንደሚሰማው የማያውቅ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራል? ከዚያ ወጥቼ ወደ አንድ መድኃኒት ሻጭ ሄድኩ። ከተከፈተ ከረጢት ዱቄት ቀድቶ በወረቀት ጠቀለለልኝ። ስም የለው፣ መጠን የለው። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው «ሁሉንም ይገላል» አለ። ብሩን ተቀብሎ ፊቱን አዞረ።

ደግነቱ የወንድሜ ልጅ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ተምሯል። ዱቄቱን ሲያይ «እቴቴ፣ ስሙ ያልተጻፈ ነገር የሚበላ ላይ አይረጭም» አለና አስቀመጠው። ከዚያ ቅጠሉን ገለበጠው። ከላይ ውሃ እንደነካው ጠቆር ያለ ነው፣ ከሥሩ ግን በጥቁሩ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ብን ብሎበታል። «ምች የሚሉት የተክል በሽታ ነው፣ ድንችን የሚያጠፋው ራሱ ነው» አለኝ። ለካ ጎረቤት ድንች ካለ ከዚያ ይመጣል። አንቺም ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጪና እይው፣ ሻጋታው ያኔ ነው ደህና የሚታየው።

ማንኮዜብ የሚሉት መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ነው የሚከላከለው። በሽታው ሳይገባ ካልረጨሽው ዋጋ የለውም፣ ከባድ ዝናብም ያጥበዋል። ሪዶሚል የሚሉት ሌላው መድኃኒት ግን ወደ ተክሉ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ካልሆነ አትግዢ። ቅጠሉ ደርቆ፣ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት ዝናብ በማይጥልበት ጊዜ ርጪ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም እንደሚቆይ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ሳትጠብቂ ለልጆችሽ እንዳትሰጪ።

ግንዱ ድረስ የጠቆረውን ግን አትልፊበት፣ ነቅለሽ ከግቢ አውጪው። ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። እኔ ያን ጊዜ በዚያ ሁሉ መመላለስ ግማሹን አጥቻለሁ። ጣሪያ ሥር የነበረው ግማሽ ግን እስከ መስከረም አፈራ። ሸዋ በር ገበያ ቲማቲም እሳት ሲሆን እኔ ከጓሮዬ እየለቀምኩ ለጎረቤት አከፋፍል ነበር። መንደሩ ይመስክርልኝ።

4. ድሬዳዋ ያሉ ወዳጆችሽ «እኛ ጋ ምንም አይሆንም» ቢሉሽ አትስሚ። ድሬ ቆላ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ይሄ በሽታ ደግሞ ብርድና እርጥበት ነው የሚወደው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንም ዩሪያ አታብዢበት፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይልና ንፋስ አያሳልፍም። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ልቀሚና ቤት ውስጥ ይብሰል፣ ተክሉ ላይ ከቆየ ዝናቡ ይሰነጥቀዋል።

አሁን ላስቲክ ልትገዢ ከመውጣትሽ በፊት የቅጠሉን ጀርባ በደንብ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊልኝ። የወንድሜን ልጅ አሳየዋለሁ።