ራጁን አይቼ ሰውዬውን ያላየሁበት ጊዜ

ለወጣት ሐኪሞች፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ኢንተርን ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ራጅ ላይ ከላይ በኩል ነጠብጣብ ካየን ቲቢ ብለን ብንጀምር ምን ችግር አለው?» አለኝ። «መልሼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ድሮ ቃሊቲ አንድ ክሊኒክ እሠራ ነበር። አንድ ሰው ሳልና ክሳት ይዞት መጣ። ካርዱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ይላል፤ እኔም በዚያው አለፍኩት። አክታው ሲመረመር ምንም የለውም። ራጁ ላይ ግን ጥቃቅን ነጠብጣብ ነበር። የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩለት። ጨረሰ፣ አልተሻለውም። ደገምኩለት። «እሺ ዶክተር» ከማለት ሌላ አይናገርም።

አንድ ቀን ከሥራ ቀጥታ መጣ። ሽፋሽፍቱ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነጭ ነው። ደረቱን ላዳምጥ ሸሚዙን ሲከፍት ከኪሱ አቧራ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ። በመዳፌ ስጠርገው ይሻክራል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድንጋይ ነዋ። ድንጋይ መፍጫው፣ ክሬሸሩ ላይ 11 ዓመቴ።»

ሲሊኮሲስ ነበር፤ ከድንጋይ አቧራ የሚመጣ የሳንባ በሽታ። እንዲህ ያለውን በአቧራ የተጎዳ ሳንባ ራጅ የምናነብበት የዓለም ሥራ ድርጅት ምደባ መነሻው በ1930 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ የተደረገው ጉባኤ ነው። ክብ ነጠብጣቦቹን በስፋታቸው ይለያል፤ እስከ 1.5 ሚሊሜትር ፒ፣ እስከ 3 ኪው፣ እስከ 10 አር። በቃላችሁ ያዙት። ግን የሚነግራችሁ ፊልሙ ላይ የታየውን ብቻ ነው፤ አቧራው ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። ደግሞ ሲሊካ፣ ማለትም ያ የድንጋይ አቧራ፣ የገባበትን ሳንባ ቲቢ ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ የቲቢውን መድኃኒት ስደግምለት ምናልባት ልክ ነበርኩ። እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጥጥ ፋብሪካ በሽታ ደግሞ ራጅም አይፈልግም፣ በአብዛኛው ጥያቄ ይበቃዋል። ሰኞ ሰኞ ብቻ ደረት የሚታፈን ከሆነ ደረጃ 1፣ ሌላውም ቀን ከሆነ 2፣ ሳንባው ለዘለቄታው ከደከመ 3። አቃቂ አንዲት ፈታይ ሰኞ ሰኞ ትመጣ ነበር። «ሥራ ጠልታ ነው» ብለን ስቀንባታል።

እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ፤ ግን ከስልካችሁ ቀና አትሉም። እኔ ደግሞ ያኔ ስልክም አልነበረኝ፣ ቀናም አላልኩ።

ሰውዬውን ሥራ ቀይር አልኩት። «ልጆቹንስ ዶክተር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ኢንተርኑ ጋ ደወልኩ። «ታካሚህ ሥራው ምንድን ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«ቆይ ልጠይቀው» ብሎ ዘጋው።