ለመድኃኒት ቤት ኤሲ፦ ኖርማል ይሻላል ኢንቨርተር?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አዳማ ላይ ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ፣ 30 ካሬ የሚሆን መድኃኒት ቤት ልትከፍቺ ነው። አንዱ ሻጭ «ባለ አንድ ደረጃው ይበቃሻል» ሲልሽ ሌላው «ባለ ብዙ ደረጃ ካልሆነ ገንዘብሽን ጣልሽው» ብሎሻል። ኤሲ መግጠምና መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ምርጫውን እናጥራው። ባለ ሁለት ደረጃ የሚባለው ኮምፕረሰር (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው የኤሲው ሞተር) በዝቅተኛው ደረጃ ከአቅሙ 65 ወይም 70 በመቶ ያህሉን ይሠራል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሙሉው ይወጣል። ይሄ በብዛት የሚገኘው አየር በቱቦ በሚከፋፈልባቸው ትልልቅ ማሽኖች ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፕሊት (አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚሆን ኤሲ) ስትገዢ የሚቀርቡልሽ ኖርማልና ኢንቨርተር ናቸው። ኖርማሉ፣ ማለትም ባለ አንድ ደረጃው፣ ወይ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል ወይ ይቆማል። ኢንቨርተሩ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ ክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሻጩ «ብዙ ደረጃ» ያለሽ እሱን ነው። ለማረጋገጥ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ፤ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ተብሎ ከተጻፈ ኢንቨርተር ነው፣ አንድ ቁጥር ብቻ ካለው ግን ጠርጥሪ።

የውጭ አገር ቪዲዮዎች ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ማሽን እርጥበት ያወጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን አዳማ ከክረምቱ ወራት ውጭ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ብቻ ተጨማሪ ብር አታውጪ። እኛ ጋ ጉዳዩን የሚወስነው ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራና መብራቱ እንዴት እንደሆነ ነው።

ያንቺ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ የሚል ስላለባቸው ኤሲው ለደንበኛ ምቾት ብቻ አይደለም። (ኢንሱሊንና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልጉት ሁሉ የፍሪጅ ጉዳይ ናቸው፤ በኤሲ እንዳትተማመኚባቸው።) ሙሉ አቅም የምትፈልጊው ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ስትወድቅ ነው፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ጠዋትና ማታ ግማሹም ይበቃል። ኖርማል 12 ሺህ ቢቲዩ (ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) በተነሳ ቁጥር 1,100 ዋት አካባቢ ይስባል። ተመሳሳዩ ኢንቨርተር ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ እስከ 300 እና 400 ዋት ሊወርድ ይችላል። ጋዙ ቀስ ብሎ ሲዞር የውጭው ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለው ክፍል) ይሰፋለታል፣ ሙቀቱን በቀላሉ ይጥላል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኮምፕረሰሩም አይለፋም። ማታ ማታ ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚከፈት የመኝታ ክፍል ኤሲ ቁጠባው የዋጋውን ልዩነት ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ለዚያ ኖርማል ግዙ ነው የምለው። ላንቺ ግን ኢንቨርተሩ ያዋጣል።

መብራቱ ላይ ሁለቱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኖርማሉ ሲነሳ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ አምፔር ይስባል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል የምታዪው ለዚህ ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ከተመለሰ ደግሞ ግፊቱ ሳይመጣጠን ለመነሳት ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ ይግልና ይቆማል። ይሄ ሲደጋገም ኮምፕረሰሩ ይሞታል። ኢንቨርተሩ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ለትንሽ ጄኔሬተር እንኳ ይመቻል፤ ጠላቱ ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። የተቃጠለ የኢንቨርተር ቦርድ (ማሽኑን የሚያዘው ኤሌክትሮኒክስ) ስፈታ የማገኘው ሆዱ ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ)፣ ዙሪያው ጠቁሮ ነው። የኖርማሉ ካፓሲተር በትንሽ ብር ይቀየራል፤ የኢንቨርተር ቦርድ ግን ውድ ነው፣ አንዳንዴም ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ያስቸግራል። ስለዚህ የምትገዢው ኢንቨርተር ቦርዱ አገር ውስጥ የሚገኝለት ይሁን። ቮልቴጁ ሲዛባ የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ቢያንስ 3 ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ይገጠምለት። መስመሩም ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው ይምጣ፤ በዲቫይደር ኤሲ ማስነሳት እሳት መጥራት ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። በካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ገደማ ብለን ብናሰላ 18 ሺህ ይመጣል። ግን የምዕራብ መስታወት አለሽ፣ በሩም ቀኑን ሙሉ ይከፈታል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ኮንደንሰሩም የፋብሪካውን ያህል ሙቀት አይጥልም። እኔ 24 ሺህ ነው የምይዝልሽ፤ በአንድ ትልቅ ማሽን ሳይሆን በሁለት 12 ሺህ። አንዱ ቢበላሽ መድኃኒቱ ሜዳ ላይ አይቀርም። ብሩ ለሁለት ኢንቨርተር ካልደረሰ አንዱን ኢንቨርተር፣ ሌላውን ኖርማል አድርጊው። ኢንቨርተሩን 23 ላይ፣ ኖርማሉን 25 ላይ አስተካክያቸው። ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ኢንቨርተሩ ይሆናል፤ ኖርማሉ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ሲያቅተው ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ሲስተም ማለት ይኸው ነው፤ ራስሽ ሠራሽው።

ገጣሚው ቱቦውን ካሰረ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን ሳያወጣ ጋዝ ሊለቅ ሲል ካየሽ አስቁሚው። ከነዚህ አዳዲስ ጋዞች ጋር የሚሠራው የኮምፕረሰር ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት ደግሞ ኮምፕረሰሩን ከውስጥ ይበላዋል። የውጭው ዩኒት የአዳማ ነፋስና የባጃጅ አቧራ ፊት ለፊት የማያገኘው ቦታ ይሰቀል። ሽፋኑን ከፍተን ከውስጥ ወደ ውጭ ውሃ ስንለቅበት እንደ ቡና አተላ የወፈረ ጭቃ ነው የሚወርደው። በደረቁ ወራት ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፤ የውስጡን ፊልተር ግን ራስሽ በየሁለት ሳምንቱ እጠቢው።

ኮርኒስሽ ምን እንደሆነ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ይሁን ፎቅ፣ ቆጣሪሽም ሲንግል ፌዝ ይሁን ስሪ ፌዝ እዚሁ ጻፊልኝና የሽቦውንና የብሬከሩን መጠን አወጣልሻለሁ።